የሲድ ባሬት ሕይወትና ሁለቱ ሸክላዎቹ

ስለ ሲድ ባሬት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ እብደቱ ነው። የፒንክ ፍሎይድን ሙዚቃ የሚወድ ተማሪ ሁሉ፥ የባንዱ ዋና ዘፈን ደራሲ የነበረው ወጣት አእምሮው ተናውጦ ከመድረክ እንደ ጠፋ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ብቻውን የሠራቸውን ሁለት ሸክላዎች ግን ከጀምሩ እስከ መጨረሻው ያዳመጠ ጥቂት ነው። እኛም ብዕር ያነሣነው ስለዚሁ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሮጀር ኪዝ ባሬት በጃኑዋሪ 6 ቀን 1946 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ ተወለደ። ሲድ የተባለው በኋላ በጓደኞቹ ነው። አባቱ የታወቁ ሐኪም ነበሩ፤ ልጁ 16 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በዲሴምበር 1961 ሞቱበት። በ1964 ሥዕል ለመማር ለንደን ወደሚገኘው የካምበርዌል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። በለንደንም ከአገሩ ልጅ ከሮጀር ዋተርስ፥ ከኒክ ሜሰንና ከሪቻርድ ራይት ጋር ሆኖ ባንድ አቋቋመ። ፒንክ ፍሎይድ የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው፤ ይኸውም የሁለት ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ተጫዋቾችን፥ የፒንክ አንደርሰንንና የፍሎይድ ካውንስልን ስም አጋጥሞ ነው።

የመጀመሪያው ረዥም ሸክላቸው፥ ዘ ፓይፐር አት ዘ ጌትስ ኦቭ ዶውን፥ በኦገስት 1967 ወጣ። ከዘፈኖቹ አብዛኞቹ የባሬት ድርሰት ናቸው። የጊታሩን ክር በሲጋራ ላይተር እየፋቀ፥ ድምፁን በገደል ማሚቶ መሣሪያ እያሳለፈ የሚያወጣው ዜማ ኋላ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ለተባለው ስልት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ።

ዝናውና ኤል ኤስ ዲ የተባለው አእምሮን የሚያዛባ ዕፅ በአንድነት መጡበት። ዓመቱ ሳያልቅ፥ መድረክ ላይ ቆሞ አንዲት ድምፅ ብቻ ደጋግሞ የሚመታበት፥ አንዳንዴም ምንም ሳይጫወት የሚወርድበት ጊዜ መጣ። ሕመሙ ምን እንደ ነበረ ብዙ ተብሏል፤ እኛ ሐኪሞች ስላልሆንን አንገባበትም። በጃኑዋሪ 1968 የልጅነት ጓደኛው ዴቪድ ጊልሞር ባንዱን ተቀላቀለ። በዚያው ወር ወደ ሳውዝሃምፕተን ለጨዋታ ሲሄዱ ባሬትን ከቤቱ ሳይወስዱት ቀሩ። በቃ፥ እንዲሁ ሳይወስዱት ቀሩ! መለየቱ በይፋ የተነገረው በኤፕሪል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ይበልጥ የሚያስደንቀው። ዘ ማድካፕ ላፍስ የተባለው የመጀመሪያው የግል ሸክላው ተጀምሮ፥ ተቋርጦ፥ ከአንድ አሠሪ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከቆየ በኋላ፥ በመጨረሻ የፈጸሙለት እነዚያው ትተውት የሄዱት ጊልሞርና ዋተርስ ናቸው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ባሬት አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጫወትም፤ ምቱን እንዳሻው ያስረዝማል፥ ያሳጥራል። ስለዚህም አንዳንድ ጊዜ ድምፁና ጊታሩ አስቀድሞ ይቀረጽና ሌሎቹ ተጫዋቾች በኋላ እየተከተሉት ይጨምሩበታል። ሶፍት ማሽን የተባለው ባንድ አባሎች እንኳ በዚህ መንገድ አጅበውታል። ሸክላው በጃኑዋሪ 1970 ወጣ። ሁለተኛው፥ ባሬት የተባለው፥ በጊልሞርና በራይት አሠሪነት በዚያው ዓመት በኖቬምበር ተከተለ።

በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ባሬት ጀምሮ ሲሳሳት፥ ድምፁ ሲሰበር፥ እንደ ገና ሲጀምር ይሰማል። አሠሪዎቹ አውቀው ነው የተዉት። ይህ ነገር በመካከላችን ክርክር አስነሥቷል፤ ግማሾቻችን እውነተኛነት ነው ስንል፥ ግማሾቻችን የታመመን ሰው ገመና አደባባይ ማውጣት ነው አልን። እስካሁንም አልተስማማንም። ሁላችንም የተስማማነው ግን ጄምስ ጆይስ በጻፈው ግጥም ላይ ዜማ ባደረገበት ጎልደን ሄር በተባለው አጭር ዘፈን ነው፤ በእርሱ ውስጥ የሚሰማው የእብድ ሳይሆን የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነው።

በጁን 1970 ለንደን ውስጥ በኦሊምፒያ አዳራሽ መድረክ ወጥቶ፥ አራት ዘፈን ተጫውቶ ጊታሩን አስቀምጦ ወረደ። ሦስተኛ ሸክላ አልሠራም። በጁን 1975 የቀድሞ ጓደኞቹ ስለ እሱ የደረሱትን ዘፈን ሲያዘጋጁ፥ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቶ፥ ሰውነቱ ወፍሮ ወደ ስቱዲዮው ገባ። በመጀመሪያ ማንነቱን አላወቁትም።

በ1982 ከለንደን ኬምብሪጅ ድረስ፥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በእግሩ ሄዶ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ሲድ መባሉን ትቶ ሮጀር ሆነ። አትክልት ይኮተኩታል፥ በብስክሌት ገበያ ይሄዳል፥ ሥዕል ይሥላል፤ የሣለውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ሥዕሉን ያጠፋዋል። ደጁን የሚያንኳኩትን አድናቂዎች አያነጋግርም ነበር። የዘፈኖቹ ገንዘብ ሳይቋረጥ እንዲደርሰው ይከታተል የነበረው ጊልሞር ነው።

በጁላይ 7 ቀን 2006 በ60 ዓመቱ በቆሽት ካንሰር ሞተ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ብስክሌቱ፥ በእጁ የሠራቸው የቤት ዕቃዎችና ሳያጠፋቸው የቀሩ ጥቂት ሥዕሎች ኬምብሪጅ ውስጥ በሐራጅ ተሸጡ።