ከጋፋት ያልተሻገረችው አንድ

ደብረ ታቦር በሄድኩ ቁጥር ጋፋት ጎራ ሳልል አልመለስም። ሙያዬ ኤሌክትሮኒክስ ነውና፣ እዚያ ስደርስ ሁሌ ትዝ የሚለኝ አንድ የቆየ የኮምፒውተር አሠራር አለ። ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፤ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ትልቅም ፈጣንም የሆነ ፕሮሰሰር በአንድ ቺፕ ላይ ማስፈር ከባድ ነበር። መላው ቢት-ስላይስ ሆነ፤ ፕሮሰሰሩን እንደ ዳቦ ቆራርሶ መሥራት ማለት ነው። በ1975 የወጣው የኤኤምዲ 2901 ቺፕ በአንዴ የሚያሰላው 4 ቢት ብቻ ነው። አራቱን ጎን ለጎን ስትደረድሯቸው ግን 16 ቢት ይሆናሉ። በ1981 ገበያ የወጣው የዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር የሚሠራው በነዚሁ ነበር። ምሥጢሩ ታዲያ መደርደሩ ብቻ አይደለም። ተማሪ 17 እና 25ን ሲደምር 2 ጽፎ 1ን ወደ አሥር ቤት እንደሚያሻግር፣ እያንዳንዱ ቺፕም ትርፏን አንድ ለጎረቤቱ ማሻገር አለበት። ያቺ አንድ ከቀረች ድምሩ ሁሉ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ንጉሡ ልምጣ። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ሲወለዱ አገሪቱ በየመስፍኑ ተቆራርሳ ነበር። ቁራጮቹን አንድ በአንድ እየተዋጉ ሰብስበው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሸዋም ብዙ ሳይቆይ ገባ። ግን ሁሉንም ያያያዘው የአንድ ሰው ክንድ ነበር። እሳቸው ወደ አንዱ ሲዘምቱ ሌላው ይሸፍታል።

ጋፋት ላይ ደግሞ ከአውሮፓ የመጡትን ሚሲዮናውያን ባለ እጆች መድፍ አሠሯቸው። የአገሩ ልጆችም እዚያው መማር ጀምረው ነበር። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው በዚያ እቶን ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መንገዱን ራሳቸው ጭምር እየቆፈሩ፣ መድፉን በሰው ኃይል እያስጎተቱ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅተው መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ባለ እጆቹም ከጦሩ ጋር አገር ለቀው ወጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ የጋፋት እሳት ግን ጠፋ። ለእኔ ከመድፉ ይልቅ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፦ ያቺ አንድ፣ ከአንዱ ትውልድ ወደ ቀጣዩ ሳትሻገር ቀረች።

በንጉሡ ለመፍረድ ግን አፌ አይደፍርም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ስጠግን ኖሬ፣ የማውቀውን ለማን አሻገርኩ? ካለፈው ጉዞዬ ወዲህ አንድ የሰፈር ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ ብየዳ እያስተማርኩት ነው። እጁ ገና ይንቀጠቀጣል። ግድ የለም፣ የኔም ይንቀጠቀጥ ነበር።