ባትሪዋ ሲደክም ቤቷ የምትገባው ኤሊ፦ የግሬይ ዋልተር ሕይወት

ዛሬ በየሀብታሙ ቤት ወለል ላይ እየተንከባለለች ቆሻሻ የምትጠርግ ክብ ማሽን አለች። ግድግዳ ሲገጥማት ትዞራለች፤ ባትሪዋ ሲደክም ደግሞ ማንም ሳይነግራት ወደ ቻርጀሯ ትመለሳለች። ብዙዎቻችን ይሄ የቅርብ ጊዜ የኮምፒውተር ውጤት ይመስለናል። ነገር ግን እንዲሁ ቤቷ ገብታ ባትሪ የምትሞላ ማሽን እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ ውስጥ በ1949 ነበረች፤ ያውም ያለ ኮምፒውተር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሠራት ሰው ዊልያም ግሬይ ዋልተር ይባላል። የተወለደው በ1910 አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ነው። አባቱ እንግሊዛዊ እናቱ አሜሪካዊት ሲሆኑ፣ ሁለቱም ጋዜጠኞች ነበሩ። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ሄዶ በመጨረሻ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። እዚያው በተመራማሪነት ለመቅረት የፈለገውን ቦታ ግን አላገኘም። ስለዚህ ወደ ለንደን ሄዶ በሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ጀመረ።

የሥራው ርእስ የአንጎል ኤሌክትሪክ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ከሰው ጭንቅላት ቆዳ ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ መቅዳት እንደሚቻል በ1929 አሳትሞ ነበር። ዋልተር በርገርን ጄና ድረስ ሄዶ ጎበኘው፤ ከተመለሰ በኋላም የራሱን የተሻለ መሣሪያ ሠራ። በ1936 ዕጢ ባለበት የአንጎል ክፍል አካባቢ ዝግ ያለ ሞገድ እንደሚታይ አሳየ። የራስ ቅል ሳይከፈት ዕጢው የት እንዳለ መጠቆም ተቻለ ማለት ነው። ዛሬ ዴልታ የምንለውን ሞገድ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። በ1939 ብሪስቶል ወደሚገኘው በርደን ኒውሮሎጂካል ኢንስቲትዩት ተዛወረ፤ ቀሪው የሥራ ዘመኑም እዚያ አለፈ።

የኤሊዎቹ ሐሳብ የመጣው ከጦርነቱ ነው። ኬኔዝ ክሬይክ የሚባል የካምብሪጅ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ዋልተር እየመጣ፣ ዒላማውን ራሱ ፈልጎ የሚከተል መሣሪያ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ያወያየው ነበር። ክሬይክ በግንቦት 1945፣ አውሮፓ ውስጥ ድል ሊታወጅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ብስክሌት እየነዳ በደረሰበት አደጋ በ31 ዓመቱ ሞተ። ዋልተር ውይይቱን ብቻውን ቀጠለ ማለት ይቻላል።

ከ1948 እስከ 1949 ባለው ጊዜ፣ ከመደበኛ ሥራው ውጪ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ማሽኖች ሠራ። ስማቸው ኤልመርና ኤልሲ ነው። የጫማ ካርቶን ያህላሉ፤ ሦስት ጎማና ከላይ ቅርፊት አላቸው። ዕቃዎቹ ከየት መጡ? ከጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ፣ ከአሮጌ ሰዓትና ከጋዝ ቆጣሪ ከተፈቱ ጥርሶች። (ላብ ውስጥ ዕቃ ጎደለብን እያልን የምንነጫነጭ ተማሪዎች እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብንል አይከፋም፤ እኔም ጭምር።)

የእያንዳንዷ ኤሊ አንጎል ሁለት ቫኪዩም ቲዩብ ብቻ ነበር። ለማነጻጸር ያህል በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ኮምፒውተር 18,000 የሚደርሱ ቲዩቦች ነበሩት። ዋልተር ሁለት ብቻ ያደረገው አውቆ ነው። አንጎል ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር የሴሎቹ ብዛት ሳይሆን እርስ በርስ የሚያያዙበት መንገድ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ በሁለት ሴል ምን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚቻል ማየት ፈለገ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፊተኛው ጎማ ይነዳል፣ ይዞራልም። ብርሃን የሚያየው ፎቶሴል ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚዞር ኤሊዋ ሁልጊዜ ዙሪያዋን ትቃኛለች። መጠነኛ ብርሃን ስታገኝ መዞሩ ይቆምና ወደ ብርሃኑ ትሄዳለች። ብርሃኑ ከበረታባት ትሸሻለች። ቅርፊቷ ከወንበር እግር ጋር ሲጋጭ ደግሞ አንድ ኮንታክት ይዘጋና ቲዩቦቹ ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራሉ፤ እየገፋች እየዞረች መውጫ እስክታገኝ ድረስ።

ለኔ ከሁሉ የሚገርመኝ የረሃቧ ነገር ነው። ማደሪያ ሳጥኗ ውስጥ ደማቅ አምፖል በርቷል። ባትሪዋ ሙሉ ከሆነ ብርሃኑ ስለሚበዛባት አትጠጋም። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ግን ቲዩቦቹም አብረው ይደክማሉ፤ ያ ደማቅ ብርሃን አሁን መጠነኛ ሆኖ ይታያታል። ስለዚህ ሰተት ብላ ትገባለች። ቻርጅ ስትሞላ ብርሃኑ እንደገና ይበዛባትና ትወጣለች። በቃ! ባትሪ የሚለካ የተለየ ክፍል የለም፣ ተመለሺ የሚል ትእዛዝም የለም። ድካሟ ራሱ ነው መንገድ የሚያሳያት። ባለፈው እኛ ለፕሮጀክት የሠራናት መኪና በስንት መስመር ኮድ ተሞልታ፣ መምህራን ፊት መሀል መንገድ ላይ ባትሪዋ አልቆ ቀጥ ስትል ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

ዋልተር ያላሰበው ነገርም ተፈጠረ። ኤሊዋ ስትቃኝ እንድትታወቅ ብሎ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ አምፖል አድርጎ ነበር። መስታወት ፊት ስትቀርብ የራሷን መብራት አይታ ልትሄድ ትነሳለች፤ ያኔ መቃኘቷን ስለምታቆም መብራቱ ይጠፋል፤ ሲጠፋ እንደገና መቃኘት፣ እንደገና መብራት። መስታወቱ ፊት ብልጭ ድርግም እያለች ትደንሳለች። እንስሳ እንዲህ ቢያደርግ ራሱን አወቀ እንል ይሆናል ብሎ ዋልተር ጽፏል። ማሽኗ ራሷን ታውቃለች ማለቱ አይመስለኝም። ይልቅ እኛ አዋቂ ነው ብለን የምንፈርድበት መለኪያ ምን ያህል ልል እንደሆነ እያሳየን ነው።

ኤሊዎቹ በ1951 በእንግሊዝ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ታዩ፤ ለዚሁም ቡኒ ዋረን የሚባለው የኢንስቲትዩቱ ቴክኒሽያን አዳዲሶችን ሠርቶ ነበር። ዋልተርም ታዋቂ ሆነ፤ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል፣ ባሕር ውስጥ ይጠልቃል፣ ሞተር በሌለው አውሮፕላን ይበራል፣ የሳይንስ ልቦለድም ጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው በቁም ነገር አይታይም፤ ኤሊዎቹን እንደ መጫወቻ ያያቸው ብዙ ነው። በ1953 ያሳተመው ስለ አንጎል የሚያወራ መጽሐፍ ግን አውስትራሊያ ውስጥ ሮድኒ ብሩክስ የሚባል ልጅ እጅ ገባ። ልጁ መጽሐፉን አንብቦ የራሱን ኤሊ ሠራ። ካደገ በኋላ በ1990 ከባልደረቦቹ ጋር የመሠረተው ኩባንያ ነው በ2002 ሩምባ የምትባለዋን መጥረጊያ ለገበያ ያቀረበው።

ዋልተር ከዋናው ሥራው አልራቀም። በ1964 ሰው አንድ ነገር ሊመጣ ነው ብሎ ሲጠባበቅ አንጎሉ ላይ የሚታየውን ዝግ ያለ የኤሌክትሪክ ለውጥ ከባልደረቦቹ ጋር አሳተመ። ይሄ ግኝት እስካሁን በምርምር ላይ ይሠራበታል።

በ1970 በስኩተር ሲሄድ በደነበረ ፈረስ ምክንያት ከባድ አደጋ ደረሰበት። የተጎዳው አንጎሉ ነበር፤ አንድ ዓይኑንም አጣ። ከዳነ በኋላ ወደ ኢንስቲትዩቱ ቢመለስም የቀድሞው ዋልተር አልነበረም። የሌሎችን አንጎል ጉዳት ለማንበብ መንገድ የከፈተው ሰው የራሱን ተሸክሞ ሰባት ዓመት ኖረ። በግንቦት 1977 በ67 ዓመቱ አረፈ። ኤልመርና ኤልሲ ዛሬ የሉም፤ ቴክኒሽያኑ ከሠራቸው ኤሊዎች ግን አንዷ ለንደን በሳይንስ ሙዚየም ትገኛለች።