ሕዝብ በተሰበሰበበት ይቅርታ የለመነው ዳኛ

አንባቢ ሆይ፤ ይቅርታ መለመን የወንጀለኛ ሥራ ብቻ ይመስልህ ይሆናል። ነገር ግን ከተፈረደበት ሰው ይልቅ ፈራጁ ምሕረት የሚያስፈልገው ጊዜ አለ፤ ይህንንም ከሳሙኤል ሲዎል ሕይወት ትማር ዘንድ አድምጥ።

ሲዎል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1652 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በልጅነቱም በሰሜን አሜሪካ እንግሊዞች ወደ ሰፈሩበት ወደ ማሳቹሴትስ ተሻገረ፤ በሐርቫርድም ተምሮ የተከበረ ነጋዴ ሆነ።

በ1692 በሳሌም ልጃገረዶች ታመሙ፤ ጎረቤቶቻችን በጥንቆላ ያሠቃዩናል ብለውም ከሰሱ። የአገሩም ገዥ ዘጠኝ ዳኞችን ሾመ፤ ሲዎልም ከእነርሱ አንዱ ነበረ። ዳኞቹ የተከሳሹ መንፈስ ታየኝ የሚለውን ቃል እንደ ምስክርነት ተቀበሉ። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ክስ ማን ሊያመልጥ ይችላል? ተከሳሹ በቤቱ እንደ ነበረ ቢያስመሰክር እንኳ መንፈሱ ወጥቶ ሄደ ይሉታልና። ጠንቋይ ነኝ ብሎ በሐሰት ያመነ ከሞት ተረፈ፤ እውነቱን ይዞ የጸና ግን ሞተ። ርብቃ ነርስ የምትባል የ71 ዓመት አሮጊት በመጀመሪያ ነጻ ናት ተብላ ነበር፤ ሆኖም ነገሩ እንደ ገና እንዲመከርበት ተደርጎ ተፈረደባት። ገዥውም ምሕረት ከሰጣት በኋላ መልሶ ነሣት። በዚያ ዓመት 19 ሰዎች በገመድ ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌም ለክሱ መልስ አልሰጥም ስላለ በድንጋይ ክብደት ተጭኖ ሞተ። ገዥው ግን የቀሩትን እስረኞች በ1693 ፈታ።

ሲዎልን ኅሊናው አላሳረፈውም። በ1696 ሕፃን ሴት ልጁ ሞተችበት፤ በዚያው ሰሞንም ወንድ ልጁ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 በንጹሖች ላይ ስለሚፈርዱ የሚናገረውን ቃል ሲያነብለት ሳሌም ትዝ አለችው። ጥር 14 ቀን 1697 የጾም ቀን ነበረ። ሲዎልም በቦስተን ቤተ ክርስቲያን ወረቀት ለመጋቢው ሰጥቶ በሕዝቡ ፊት ቆመ። መጋቢው ሲያነብ፥ በሳሌም ስለ ሆነው ነገር በደሉንና እፍረቱን በራሱ ላይ እንደ ወሰደ፥ እግዚአብሔርንና ሰዎችንም ይቅርታ እንደ ለመነ ሁሉ ሰማ። ንባቡ ሲያበቃ ሲዎል እጅ ነሣ። የሸንጎው አለቃ ስቶተን ግን እስኪሞት ድረስ ጥፋቱን አላመነም።

ሲዎል በዚህ አልተዋረደም። በ1700 ሰውን መሸጥ የሚቃወም ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1718 የዳኞች አለቃ ሆነ፤ በ1730ም ዐረፈ።

አንባቢ ሆይ፤ ኑዛዜው የተሰቀሉትን አላስነሣም። ከተፈረደባቸው የብዙዎቹ ስም የተመለሰው በ1711 ነው፤ የመጨረሻይቱ ስም የጸዳው ግን በ2022 ነው። ፍርድ በአንድ ቀን ይሰጣል፤ ማቅናቱ ግን 330 ዓመት ያህል ፈጀ። ስለዚህ በሰው ላይ ከመፍረድህ በፊት መርምር፤ ከተሳሳትህም የበደልኸው ሰው በሕይወት ሳለ ይቅርታ ለምን።