በሪል ክሮን

በሪል በርናርድ ክሮን (ጁን 13 ቀን 1884 – ጁላይ 29 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የሆድ ዕቃ ሐኪም ነበሩ። በስማቸው የሚጠራው የክሮን በሽታ ከሁለቱ ዋና ዋና የአንጀት ብግነት በሽታዎች አንዱ ሲሆን፣ ሌላው አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሮን የተወለዱት በኒው ዮርክ ከተማ፣ 12 ልጆች ካፈራ የአይሁድ ቤተሰብ ነው። ወደ ሕክምና የሳባቸው የአባታቸው የሆድ ሕመም እንደሆነ ይነገራል። በ1907 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቀው በዚያው ከተማ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ገቡ፤ አብዛኛው የሙያ ዘመናቸውም ከዚህ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ ወጣት ሆዱን እያመመው፣ እያስቀመጠውና እያተኮሰው ከስቶ ሲመጣ፣ አንጀቱም አብጦና ጠብቦ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ የአንጀት ቲቢ ነው ይባል ነበር። በማውንት ሳይናይ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ኤ. ኤ. በርግ ቆርጠው ያወጡትን የታመመ አንጀት ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር ይመረምሩ ነበር። ክሮንም የራሳቸውን ሕሙማን ይዘው ተቀላቀሏቸው። ሦስቱ በ1932 ያሳተሙት ጽሑፍ 14 ሕሙማንን የሚገልጽ ሲሆን፣ የትንሹን አንጀት መጨረሻ የሚያጠቃው ይህ ብግነት ከቲቢ የተለየ፣ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን አስረዳ። ሁለቱን መለየት ቲቢ በብዛት በሚገኝባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ዛሬም ለሐኪም ቀላል አይደለም።

በርግ ስማቸው በጽሑፉ ላይ እንዲገባ አልፈለጉም። የቀሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ሲደረደሩ ክሮን ቀዳሚ ሆኑ፤ በሽታው በእርሳቸው ስም የቀረው በከፊል በዚህ አጋጣሚ ነው። ከዚያ በፊትም ፖላንዳዊው አንቶኒ ሌሽኒዮቭስኪ በ1904፣ ስኮትላንዳዊው ኬኔዲ ዳልዚል በ1913 ተመሳሳይ ሕመም ገልጸው ነበር። ፖላንዳውያን አሁንም በሽታውን በሁለቱም ሰዎች ስም ይጠሩታል።

ጽሑፉ መንስኤውን አልነገረም። ክሮን ተህዋስ ሊሆን ይችላል ብለው ቢፈልጉም አላገኙም። በዘር የሚተላለፍ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ሆስፒታሉ ራሱ ያወሳስበው ነበር፤ ማውንት ሳይናይ በ1852 የተመሠረተው ለአይሁድ ሕሙማን ነውና፣ በዚያ የታመሙ አይሁድ መብዛታቸው ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በኋላ በሽታው በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ታየ። ሆኖም በአሽኬናዚ አይሁድ ዘንድ ከሌሎች አውሮፓውያን ይልቅ እንደሚበዛ፣ በአንድ ቤተሰብም እንደሚደጋገም ተረጋገጠ። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላውም የመታመም ዕድሉ ከተራ መንትዮች ይበልጣል፤ ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል።

ክሮን በ99 ዓመታቸው በኮነቲከት ሲያርፉ አንድም ተጠያቂ ጂን አልታወቀም ነበር። የመጀመሪያው የተገኘው በ2001 ሲሆን፣ በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኖድ 2 ነው። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን የባክቴሪያን ግድግዳ ስባሪ ለይቶ የሰውነትን መከላከያ ያነቃል። ስለዚህ የክሮን የተህዋስ ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም፦ በዘር የሚወረሰው አንጀት ከባክቴሪያዎቹ ጋር የሚኖርበት ሁኔታ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንጀት ብግነት ጋር የተያያዙ ከ200 በላይ የዘር ሥፍራዎች ተለይተዋል። የተለወጠውን ኖድ 2 ከወረሱት ሰዎች አብዛኞቹ ግን ፈጽሞ አይታመሙም።