ሞሊየር፦ በሌሊት የተቀበረው አሳቂ

«ታርቲዩፍ»ን ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱለት ሞሊየር፣ ከደራሲነቱ አስቀድሞ ተዋናይ ነበር። የዘመናዊው ዐረብኛ ቲያትር ጀማሪ ማሩን ነቃሽም አርአያው እርሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1622 በፓሪስ ተወለደ። የአባቱን የቤተ መንግሥት ሹመት ትቶ በ1643 የቲያትር ጓድ መሠረተ፤ ጓዱ ከሰረ፣ እርሱም በዕዳ ታሰረ። ከዚያ ለ13 ዓመታት ያህል በየክፍለ ሀገሩ ዞረ። በ1658 በሉዊ 14ኛ ፊት ሲጫወት ንጉሡን የማረከው ቁም ነገረኛው ድራማ ሳይሆን ያስከተለው አጭር ፌዝ ሆነ።

በ1673፣ ጤነኛ ሳለ ታምሜአለሁ የሚል ሰው ሆኖ ሲጫወት፣ እውነተኛው ሕመም መድረክ ላይ ተነሣበት። ተውኔቱን ግን ፈጸመ፤ በዚያው ምሽት ቤቱ ውስጥ ዐረፈ። ሙያቸውን ያልካዱ ተዋንያን በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት አይቀበሩም ነበርና፣ ሚስቱ ንጉሡን ተማጽና በሌሊት፣ ያለ ድምቀት ተቀበረ።