ሳሊ ሄሚንግስና የልጆቿ አባት

የታወቀ ሰው ታሪክ ጻፉ በተባልን ጊዜ ጓደኞቼ ንጉሥና የጦር አለቃ መረጡ። እኔ የመረጥኋት ሴት ባሪያ ነበረች፤ በገዛ እጇ የተጻፈ አንድ መሥመር እንኳ አልተገኘም። ዘመኖቹን የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሳሊ ሄሚንግስ በ1773 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ተወለደች፤ አሜሪካ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። እናቷ ኤልሳቤጥ ባሪያ ነበረች፤ አባቷ እንደ ቤተ ሰቧ ቃል የእናቷ ጌታ ጆን ዌይልስ ነው። ዌይልስ በዚያው ዓመት ስለ ሞተ ሄሚንግሶች ከርስቱ ጋራ ለአማቹ ለቶማስ ጀፈርሰን ደረሱ። ይህ ጀፈርሰን በ1776 ሰው ሁሉ እኩል መፈጠሩን የሚናገረውን የነፃነት ዐዋጅ የጻፈው ነው። ሚስቱ ማርታ የዌይልስ ልጅ ነበረችና ሳሊ ለገዛ እኅቷ ባሪያ ሆነች ማለት ነው። የተሳሳትሁ መስሎኝ ገጹን ደግሜ አነበብሁት።

ማርታ በ1782 ሞተች። ሳሊም በ1787፥ በ14 ዓመቷ፥ የጀፈርሰንን ትንሽ ልጅ እየጠበቀች እርሱ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ተቀመጠበት ወደ ፓሪስ ሄደች። በፈረንሳይ ነፃነቷን ለመጠየቅ ትችል ነበር። ልጇ ማዲሰን እንደ ተናገረው አልመለስም ብላ ነበር፤ የተመለሰችውም የምትወልዳቸው ልጆች 21 ዓመት ሲሞላቸው ነፃ እንዲወጡ ጀፈርሰን ቃል ስለ ገባላት ነው። የ16 ዓመት ልጅ ከጌታዋ ጋራ እንዲህ መዋዋሏ እጅግ ያስደንቀኛል።

ከወለደቻቸው ልጆች አራቱ አደጉ፤ አራቱም ነፃ ወጡ። የእርሷ ስም ግን በጀፈርሰን ኑዛዜ ውስጥ የለም። ጀፈርሰን በ1826 ከሞተ በኋላ ሴት ልጁ ለቀቀቻት፤ ሳሊ በ1835 ሞተች።

ክርክሩ የተነሣው በ1802፥ ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት ሳለ፥ አንድ ጋዜጣ ወሬውን ባወጣው ጊዜ ነው። እርሱ በአደባባይ መልስ አልሰጠም። ማዲሰን በ1873 አባቴ ጀፈርሰን ነው ብሎ በኦሃዮ ጋዜጣ ተናገረ፤ የጀፈርሰን የልጅ ልጆች ግን ነገሩን በእኅቱ ልጆች በካሮቹ ላይ አላከኩ። የታሪክ ጸሐፊዎችም አብዛኞቹ የባሪያዋን ልጅ ቃል ትተው የጌታውን ወገን ቃል አመኑ።

በ1998 ደም ተመረመረ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ የዘር ምልክት አለ። ከጀፈርሰን ሚስት የተወለደ ወንድ ስላላደገ የአጎቱ ዘሮች ደም ተወሰደ፤ ከሳሊ የመጨረሻ ልጅ ከኤስተን ዘር ጋራ ገጠመ፤ የካሮቹ አልገጠመም። ደሙ ብቻውን ከጀፈርሰን ወገን የትኛው ወንድ እንደ ሆነ አይለይም፤ ነገር ግን መዝገቡ ሲታይ ሳሊ በፀነሰች ቍጥር ቶማስ ጀፈርሰን በቤቱ ነበረ። ቤቱን ሞንቲቼሎን የሚጠብቀው ድርጅት በ2000 የማዲሰንን ቃል ደገፈ። ዛሬም የማይቀበሉ አሉ።

ከጀፈርሰንና ከሳሊ የበኵር ልጅ ተወለድን ሲሉ የኖሩት ዉድሰኖችም ተመርምረው ነበር፤ የእነርሱ አልገጠመም። ደሙ የተገኘባቸው የኤስተን ዘሮች ደግሞ፥ ኤስተን ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ እንደ ነጭ ስለ ኖረ፥ የሳሊን ስም ሳይሰሙ ከጀፈርሰን አጎት የመጣን ነን እያሉ አድገው ነበር።