ኤሚል ክሬፔሊን፦ የሕመምን ጉዞ የመዘገበው ሐኪም

ማኅበራዊ ሥራ የምናጠና ተማሪዎች ስለ ወጣቶች የአእምሮ ሕመም ስንማር ቀድመን ከምናገኛቸው ስሞች አንዱ ኤሚል ክሬፔሊን ነው። ሕይወቱን ማወቅ ይጠቅመናል፤ ያስተማረን ነገር አለ፣ የተሳሳተበትም አለ።

ክሬፔሊን በ1856 በሰሜን ጀርመን፣ በኖይሽትሬሊትስ ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በ1886፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ የዶርፓት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ዶርፓት የዛሬዋ ታርቱ፣ የኢስቶኒያ ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች። ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ ቋንቋቸው ሌላ ስለነበር ያለ አስተርጓሚ ሊረዳቸው አልቻለም። በልጅነታችን ከወላጆቻችን ጋር ሐኪም ዘንድ ገብተን ያስተረጎምን ሁሉ ይህ ምን እንደሆነ እናውቃለን። እናት ብዙ ትናገራለች፤ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን አንድ ቃል ነው።

በ1891 ወደ ሃይደልበርግ ተዛወረ። እዚያ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ካርድ አውጥቶ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ እንዴት እንደቀጠለና በምን እንዳበቃ መዘገበ። የዕለቱን ምልክት ብቻ ሳይሆን የዓመታቱን ጉዞ ተከተለ። በ1899 በታተመው መጽሐፉ ሁለት ትልልቅ ሕመሞችን ለየ። አንዱ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሲሆን በመካከሉ ሰው ወደ ጤናው ይመለሳል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በወጣትነት ጀምሮ አእምሮን እያዳከመ ይሄዳል። ይህንን ዲሜንሺያ ፕሬኮክስ አለው። በ1908 ኦይገን ብሎይለር ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም አመጣ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የተሻላቸው እንዳሉ ራሱ ቢመዘግብም፣ የሕመሙ መጨረሻ በአብዛኛው ውድቀት ነው ብሎ አስተማረ። ለብዙ ወጣት የሕመሙ ስም እንደ ፍርድ ሆነበት።

በ1903 ወደ ሙኒክ ሄደ። ከአሎይስ አልዝሃይመር ጋር ሆኖ የሕመሙን ምክንያት አንጎል ውስጥ ፈለገ፤ ያን ጊዜ ግን አንጎልን በማይክሮስኮፕ መመርመር የሚቻለው ሰው ከሞተ በኋላ ነበር። በ1917 የምርምር ተቋም ሲመሠርት ብዙ ገንዘብ የሰጠው ጄምስ ሎብ የተባለ አይሁዳዊ ነበር። ክሬፔሊን ግን ስለ አይሁዶች የሚያዋርድ ነገር ጽፏል፤ የአእምሮ ሕመም በዘር እየባሰ እንደሚሄድም ያምን ነበር። በ1926 ሞተ። ተማሪው ኤርንስት ሩዲን ናዚዎች በ1933 ያወጡትን ሕግ ከደገፉት ዋነኞቹ አንዱ ሆነ፤ በዚያ ሕግ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በግዳጅ እንዳይወልዱ ተደረጉ።

ክሬፔሊን ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ የለንደን ተመራማሪዎች በሲቲ ስካን የሕያዋን በሽተኞችን አንጎል አዩ። ለረጅም ጊዜ በስኪዞፍሬንያ በታመሙት ላይ በአንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የሚይዙ ክፍተቶች ከጤነኞቹ ሰፍተው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ በኤምአርአይ የወጣቶች አንጎል በየዓመቱ እየታየ ተጠንቷል። ሆኖም ልዩነቱ የሚታየው ብዙ ሰዎች በአንድነት ሲነጻጸሩ ነው። አንድን ወጣት አንሥተው ምስሉን ብቻ በማየት ስኪዞፍሬንያ አለበት ወይም መጨረሻው ይህ ነው ማለት አይቻልም። ቶሎ ታክመው ወደ ትምህርታቸውና ወደ ሥራቸው የተመለሱ አሉ።

ስለዚህ ወንድማችን ወይም እኅታችን እንቅልፍ ሲያጡ፣ ከሰው ሲርቁ፣ የማይሰማ ድምፅ ሲሰሙ፣ ለጎረቤት እንዳይሰማ ብለን አንደብቅ። ቶሎ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳቸው። ለወላጆቻችንም የሠለጠነ አስተርጓሚ እንጠይቅላቸው፤ ትንሹን ልጅ አናስተርጉም። ካርዱ ላይ የሚጻፈው የልጃቸው ታሪክ ሙሉ ይሁን።